ስማችሁን አስተካክሉ፣ ከዚያ ጠይቁ፦ ማኅበራዊ ሚዲያ ለጀማሪ ተመራማሪ

የማማክራቸው የማስተርስ ተማሪዎች በየዓመቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ቢሮዬ ይመጣሉ። «መምህርት፣ ትዊተር ልክፈት? ሪሰርችጌት ይጠቅማል? ሊንክድኢን ላይ ምን ልጻፍ?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ ዓመታት ሄዱ። ቡናውም ይቀዘቅዛል፣ ወሬውም ሳያልቅ ክላስ ይደርሳል። ስለዚህ የማውቀውን አንድ ላይ ጽፌ ላስቀምጥላችሁ።

ሥራዬ እንሰት ላይ ነው። በተለይ የእንሰት አጠውልግ በሚባለው በሽታ ላይ። በሽታው ከተክል ወደ ተክል የሚሄደው ብዙ ጊዜ በቢላዋ ነው። የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ሲነካ ባክቴሪያውን አሳልፎ ይሰጠዋል። የታመመውን ግንድ ብትቆርጡት ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣል። አንዲት እናት ከአማቷ የተረከበችው የእንሰት ጓሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ሲራቆት አይቻለሁ። ከዚህ በታች የምሰጣችሁ ምሳሌ ሁሉ ከዚሁ ሥራ የመጣ ነው።

መጀመሪያ ስም

አካውንት ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት አውጡና ስማችሁን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት። ፓስፖርታችሁን፣ የዲግሪ ወረቀታችሁን፣ ያሳተማችሁት ጽሑፍ ካለም እሱን አጠገቡ አስቀምጡ። ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ።

የኔ አልነበረም። የአባቴ ስም ገብረፃድቅ ነው። ዲግሪዬ ላይ «ገብረ» እና «ፃድቅ» ተለያይተዋል። የመጀመሪያ ጽሑፌ ላይ ተገጥመዋል። ሁለተኛው ላይ አብሮኝ የጻፈው ሰው በሰረዝ አያይዟቸዋል። «ፃ»ን አንዱ ቦታ በቲ እና በኤስ፣ ሌላ ቦታ በቲ እና በዜድ ጻፍነው። ፓስፖርቴ ላይ መጨረሻ የሚመጣው የአያቴ ስም ስለሆነ፣ አንዱ መጽሔት አያቴን የቤተሰብ ስሜ አድርጎ መዘገበ። ያኔ አምስት ጽሑፍ ነበረኝ። ኢንተርኔት ላይ ግን አራት የተለያየ ሰው ነበርኩ። ለአንድ የምርምር ድጎማ ሳመለክት ገምጋሚው ስሜን ፈልጎ ሁለት ጽሑፍ ብቻ ነበር ያገኘው።

ይሄ የብዙዎቻችን ችግር ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የምንጠራው በራሳችን ስም ነው፣ የአባት ስም ይከተላል። የጽሑፍ መዝገቦቹ የተሠሩት ደግሞ የቤተሰብ ስም አለ ተብሎ ታስቦ ነው። ስለዚህ ሰዎች እኔን የሚጠቅሱኝ በአባቴ ስም ነው። አባቴ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማረም። ስሙን መጽሔት ላይ ታትሞ ሳሳየው ለረጅም ጊዜ በጣቱ ሲነካው ነበር።

እንግዲህ ይህን አድርጉ። አንድ አጻጻፍ ምረጡ። የሚቻል ከሆነ ከፓስፖርታችሁ ጋር የሚገጥመውን፣ ምክንያቱም ቪዛና ስኮላርሺፕ ላይ ፓስፖርቱ ነው የሚጠየቀው። የአያት ስም ይግባ አይግባ አሁኑኑ ወስኑ። ከዚያ በኋላ አትቀይሩት። አብሯችሁ የሚጽፍ ሰው ጽሑፉን ከመላኩ በፊት የስማችሁን አጻጻፍ ጠይቃችሁ እዩ፤ ይሄ ነውር አይደለም።

ቀጥሎ ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር አውጡ። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ተጀመረ። ነጻ ነው፣ 16 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ለመመዝገብ ከአንድ ስኒ ቡና ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስደው። ስም ቢምታታ ቁጥሩ አይምታታም። ውስጡ ሌሎች የስም አጻጻፎችን የምታስገቡበት ቦታ አለ። የኔን አራቱንም አስገብቻለሁ። ኢሜይል ሁለት አስገቡ፣ የመሥሪያ ቤታችሁንና የግላችሁን። ሥራ ስትቀይሩ የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ይዘጋል፣ አካውንቱም አብሮ ያመልጣችኋል።

ጉግል ስኮላር ላይም ፕሮፋይል ክፈቱና ጽሑፎቻችሁን ሰብስቡ። አንድ ነገር ግን አስተካክሉ። አዲስ ጽሑፍ በራሱ እንዲጨምር አትፍቀዱለት፣ መጀመሪያ እናንተን እንዲጠይቅ አድርጉት። እንደ ተስፋዬና ከበደ ያለ ብዙ ሰው የሚጋራው ስም ካላችሁ፣ የሌላ ሰው ጽሑፍ እናንተ ስም ሥር ይገባል። ያንን ያየ ገምጋሚ ሌባ ሊላችሁ ይችላል።

የምናጠናው ባክቴሪያ ራሱ ስሙ ተቀይሯል። ድሮ ዛንቶሞናስ ካምፔስትሪስ ሥር ነበር፣ አሁን ዛንቶሞናስ ቫሲኮላ ሥር ገብቷል። በአዲሱ ስም ብቻ የሚፈልግ ተማሪ የድሮውን ሥራ ሁሉ ያጣዋል። ለባክቴሪያ እንዲህ ከሆነ ለሰውማ እንዴት አይሆን።

ሰው እንዴት ይጠየቃል

ብዙ ሰው ማኅበራዊ ሚዲያ ሲባል የሚታየው መለጠፍ ነው። እኔ ከለጠፍኩት ይልቅ የጠየቅኩት ነው የጠቀመኝ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ከጉራጌ አካባቢ ናሙና ሰብስበን ላብራቶሪ ስናደርስ ሳህኑ ላይ የሚበቅለው የምንፈልገው ባክቴሪያ አልነበረም። ሌላ ሌላው ቀድሞ ይበቅልና የኛን ይውጠዋል። ሁለት ወር እንዲሁ አለቀ። ባክቴሪያው መጀመሪያ እንሰት ላይ ተለይቶ የታወቀው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በ2001 ደግሞ ኡጋንዳ ውስጥ የሙዝ እርሻ ላይ ተገኘ። ኡጋንዳ ውስጥ ማቶኬ የሚባለው ሙዝ እንደኛ እንጀራ ነው። ስለዚህ ብዙ ላብራቶሪ ተረባረበበት። ይህን ባክቴሪያ በሳህን ላይ አሳምረው ያሳደጉ ሰዎች እነሱ ጋ ነበሩ።

መጀመሪያ ለአምስት ፕሮፌሰሮች ጻፍኩ። ቃሉ ባጭሩ እንዲህ ነበር፦ «ክቡር ፕሮፌሰር፣ ሥራዎን በጣም አደንቃለሁ። ከእርስዎ ጋር ለመሥራት ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ። ትብብርዎን እጠይቃለሁ።» አንድም አልመለሰልኝም። ያኔ ንቀት መስሎኝ ነበር። አሁን እንዲህ ያለ መልእክት ለኔም ይደርሰኛል፣ እና ሰዎቹ ለምን ዝም እንዳሉ ገብቶኛል። መልእክቱ ውስጥ የሚመለስ ጥያቄ የለም። ደጅ መጥቶ ቆሞ፣ ምን ፈልጎ እንደመጣ እንደማይናገር እንግዳ ነው።

በሁለተኛው ዙር ፕሮፌሰሮቹን ተውኳቸው። አንድ ጽሑፍ መረጥኩና በስም ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የተጻፈውን ሰው ተመራማሪዎች በሚገናኙበት ድረ ገጽ፣ ሪሰርችጌት ላይ ፈለግኩት። በኛ ዘርፍ መጀመሪያ ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ሥራውን በእጁ የሠራው ነው፣ ፕሮፌሰሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሳህኑን ያጠበው ሰው ነው የሚያስፈልጋችሁ። የጻፍኩለት ወደ አማርኛ ሲመለስ ይሄን ይመስላል፦

«ሰላም። ስለ ሙዙ በሽታ ያሳተማችሁትን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ያንኑ ባክቴሪያ ከእንሰት ለይቼ ለማሳደግ እየሞከርኩ ነው። ከ30 ሳህን 26ቱ በሌላ ባክቴሪያ ተወረሩ። ሌላውን የሚከለክል የባክቴሪያ ማሳደጊያ ምግብ ተጠቀምን ብላችሁ ጽፋችኋል፣ መጠኑን ግን አላገኘሁትም። በአንድ ሊትር ምን ያህል ሴፋሌክሲን ጨመራችሁ? የሳህኖቹን ፎቶ አያይዣለሁ። አመሰግናለሁ።»

በዘጠነኛው ቀን መለሰ። ሁለት መስመር ብቻ። ሌላውን ባክቴሪያ የሚከለክለውን መድኃኒት፣ የሴፋሌክሲኑን መጠን ነገረኝ፣ ለፈንገሱ ደግሞ ሳይክሎሄክሳማይድ ጨምሪበት አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሳህኑን ከማሞቂያው ሳወጣ ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጠብታ ማር የመሰለ ነገር በየቦታው በቅሎ አየሁ። ላብራቶሪ ውስጥ ብቻዬን እልል ብያለሁ።

ያን ቀን ማታ ፎቶ አንስቼ መልሼ ላክሁለት። ይሄ ቁልፍ ነው። ሰው መልስ ከሰጣችሁ ውጤቱን ንገሩት። ብዙዎች መልሱን ተቀብለው ይጠፋሉ። እሱ ፎቶውን ለአለቃው አሳየ። አለቃው የእንሰት ናሙና ይፈልግ ነበር። ዛሬ አብረን ሁለት ጽሑፍ አለን።

ከዚህ የምትወስዱት ይሄን ነው። አንድ መልእክት፣ አንድ ጥያቄ። አምስት ደቂቃ ውስጥ የሚመለስ ይሁን። ራሳችሁ የሞከራችሁትን አሳዩ፣ ቁጥር ይኑረው። ሲቪ አታያይዙ፣ ስኮላርሺፕ አታንሱ። መልስ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ አንዴ አስታውሱ፣ ከዚያ ተዉት። እንግሊዝኛችሁ ያማረ ባይሆንም ግድ የለም። የኔም አያምርም ነበር፣ ቁጥሩ ግን ግልጽ ነበር።

የማታውቁትን ሰው መጠየቅ ድፍረት የሚመስላችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የሶሺዮሎጂ ምሁሩ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ለሥራ ፍለጋ የሚጠቅመው ከቅርብ ወዳጅ ይልቅ ላላ ያለ ትውውቅ እንደሆነ ጽፎ ነበር። በ2022 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ይህንኑ በ20 ሚሊዮን የሊንክድኢን ተጠቃሚዎች ላይ ፈተሸው። ሥራ ለመቀየር ይበልጥ የረዱት በጣም የሚቀራረቡት አልነበሩም። በመጠኑ ብቻ የሚተዋወቁት ነበሩ። ነገሩ ግልጽ ነው። የዶርም ጓደኛችሁ የሚያውቀውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ካምፓላ ያለው ሰው የሚያውቀውን ግን አታውቁትም።

ላይክ ምን ያደርግላችኋል

ጥቂት። እ.ኤ.አ. በ2024 ፕሎስ ዋን በሚባለው መጽሔት ላይ የወጣ ሥራ አለ። ብዙ ተከታይ ያላቸው 11 ሳይንቲስቶች ጽሑፎችን በዕጣ እየመረጡ ትዊተር ላይ አስተዋወቁ። ያላስተዋወቋቸውን ደግሞ ለማነጻጸሪያ ያዙ። የተዋወቁት ጽሑፎች በዚያን ቀን በብዛት ዳውንሎድ ተደረጉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን በተጠቀሱበት ብዛት ከሌሎቹ ጋር እርግጠኛ የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ ጽሑፋችሁን አንዴ በሁለትና በሦስት ግልጽ መስመር አስተዋውቁ፣ አንድ ጥሩ ፎቶ ጨምሩ፣ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። ቀኑን ሙሉ ላይክ የሚቆጥር ተማሪ አውቃለሁ። ቴሲሱ አንድ ዓመት ዘገየ። ያ ዓመት እስካሁን ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ጎበዝ ልጅ ነበር።

በአደባባይ መታረም

ሳይንስ ራሱ በዚህ መንገድ ፈጥኗል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 2020፣ በኛ ጥር 2 ቀን 2012፣ ኤድዋርድ ሆምስ የሚባለው ተመራማሪ ቻይናዊው ባልደረባው ዣንግ ዮንግዠን ያወጣውን የአዲሱን ኮሮናቫይረስ ጄኖም፣ ማለትም ሙሉ የዘር መረጃውን፣ ኢንተርኔት ላይ አስቀመጠና በትዊተር አሳወቀ። መጽሔት አልተጠበቀም። የምርመራና የክትባት ሥራ የጀመሩ ላብራቶሪዎች ያንን ነው የተጠቀሙት።

ማረሙም እንዲሁ ፈጥኗል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2010 ካሊፎርኒያ ሞኖ ሐይቅ ውስጥ በፎስፈረስ ፋንታ አርሰኒክ የሚጠቀም ባክቴሪያ ተገኘ የሚል ጽሑፍ ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። ናሳ ጋዜጣዊ መግለጫ ሰጠበት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ካናዳ ያለችው ሮዚ ሬድፊልድ ብሎጓ ላይ ጽሑፉን መስመር በመስመር ተቸችው። ትዊተሩ ተቀጣጠለ። የመጀመሪያዋ ጸሐፊ ፌሊሳ ዎልፍ-ሳይመን ያኔ ገና ጀማሪ ተመራማሪ ነበረች፣ የወረደባት ውርጅብኝም ከባድ ነበር። መጽሔቱ ጽሑፉን የሰረዘው በ2025 ነው። ጸሐፊዎቹ ስረዛውን አልተቀበሉትም።

እኔ ከዚህ ታሪክ የማከብረው ሬድፊልድ ተችታ አለመቅረቷን ነው። ላብራቶሪ ገብታ ሙከራውን ደገመችና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳተመች። ስለዚህ ሰው ስታርሙ ስለ ሠንጠረዡ ተናገሩ፣ ስለ ሰውየው አትናገሩ። የምታውቁት ሰው ከሆነ መጀመሪያ በግል ጻፉለት።

እናንተ ስትታረሙ ደግሞ አትጥፉ። አንዴ ኬንያ ያለ ሰው ሠንጠረዤ ላይ የመደመር ስህተት አግኝቶ በይፋ ጻፈ። ሦስት ቀን ስልኬን መክፈት ፈራሁ። በአራተኛው ቀን ደመርኩት፣ ሰውየው ልክ ነበር። እዚያው አመስግኜ መለስኩ፣ ለመጽሔቱም ማረሚያ ላክሁ። እስከዛሬ በዚያ ስህተት የወቀሰኝ ሰው የለም።

የትኛው ቦታ

ሊንክድኢን ለሥራና ለፌሎውሺፕ ይሆናል። ኤክስ የቀድሞው ትዊተር ነው። አሁን ብዙ ሳይንቲስት ወደ ብሉስካይ ስለሄደ የእናንተ ዘርፍ ሰዎች የት እንዳሉ መጀመሪያ እዩ። ሪሰርችጌት ለጽሑፍ ልውውጥ ጥሩ ነው። ለኛ አገር ግን ቴሌግራምን የሚያክል የለም። ፋይል ይይዛል፣ ደካማ ኔትወርክ ላይም ይሠራል። የእንሰት ተመራማሪዎች ትንሽ ግሩፕ አለን። ዓርብ ዓርብ አንድ ሰው ያልተሳካለትን ነገር ብቻ ይጽፋል። ከሁሉ የሚጠቅመኝ እሱ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ግን አትደገፉ። በኛ አቆጣጠር ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ድረስ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ እዚህ አገር ተገድበው ነበር። በቪፒኤን ያልገባ ሰው ከግሩፑ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የሁሉንም ኢሜይል አንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ይዣለሁ።

ጽሑፍ ከመጫናችሁ በፊት

ያሳተማችሁት ጽሑፍ ሁልጊዜ የናንተ ንብረት አይደለም። ኤልሴቪየርና የአሜሪካ ኬሚስትሪ ማኅበር ሪሰርችጌትን እ.ኤ.አ. በ2017 ጀርመን ውስጥ ከሰውት ነበር፣ በ2023 ተስማሙ። መጽሔቱ አሳምሮ ያወጣው ፒዲኤፍ ኦፕን አክሰስ፣ ማለትም ለሁሉም በነጻ ክፍት፣ ካልሆነ አትጫኑት። ብዙ መጽሔቶች ግን ገምጋሚዎች ከተቀበሉት በኋላ በእጃችሁ ያለውን የወርድ ቅጂ በተወሰነ ሁኔታ እንድታስቀምጡ ይፈቅዳሉ። ኦፕን ፖሊሲ ፋይንደር የሚባለው ድረ ገጽ (የቀድሞው ሸርፓ ሮሜዮ) የመጽሔቱን ስም ስታስገቡ የሚፈቀደውን ይነግራችኋል። ሰው በግል ከጠየቃችሁ ደግሞ አንድ ቅጂ መላክ የተለመደ ነው።

ያላለቀ ዳታም አትለጥፉ። የባለቤትነት መብት የሚያስገኝ ግኝት ከሆነ፣ ማመልከቻ ሳታስገቡ በአደባባይ መናገር መብቱን ሊያሳጣችሁ ይችላል።

በውስጥ መስመር የሚመጡ

ስማችሁ መታየት ሲጀምር «መልካም ቀን ይሁንልዎ፣ ድንቅ ጽሑፍዎን አይተናል» የሚሉ መጽሔቶች ይመጣሉ። በአምስት ቀን እናሳትማለን፣ ክፍያው ይሄን ያህል ዶላር ነው ይላሉ። አንድ ባልደረባዬ የሦስት ዓመት የመስክ ዳታ እንዲህ ላለ መጽሔት ሰጠ። ለደረጃ ዕድገት ሲያቀርበው ኮሚቴው አልቆጠረለትም። ሌላ መጽሔት ደግሞ አንዴ የታተመ ነው ብሎ አልተቀበለውም። ጥሩ መጽሔት በውስጥ መስመር አይለምንም። መጽሔቱ ዶአጅ በሚባለው የኦፕን አክሰስ መጽሔቶች ማውጫ ውስጥ አለ ወይ ብላችሁ እዩ፣ እዚያ ያሳተመ የምታውቁት ሰው ጠይቁ። ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ጽሑፍ ክፍያውን ይሰርዛሉ፣ ግን ጽሑፉን ስታስገቡ መጠየቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ማንበብ ለምትፈልጉት ደግሞ ክፍያ የሚጠይቁ መጽሔቶችን የሚከፍቱላችሁ ሂናሪና አጎራ የሚባሉ አገልግሎቶች አሉ። የይለፍ ቃሉን የዩኒቨርሲቲያችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። ተማሪዎቼ ይህን ሳያውቁ ነው የሚመረቁት፣ ያበሳጨኛል።

«የስኮላርሺፕ ማስያዣ ክፈሉ» የሚል ቻናል ካያችሁ ውጡ። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የሰው ፎቶ

የመስክ ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ። «ፎቶ ላንሳ» ማለት አይበቃም። ማን እንደሚያየው ንገሩ። ቦታውን ከወረዳ ስም በላይ አታሳዩ፣ ስልካችሁ ፎቶው ላይ የሚጽፈውን ቦታ አጥፉ። ጓሮው ታሟል ተብሎ የታወቀ ሰው ቆጮውን ገበያ ላይ የሚገዛው ሊያጣ ይችላል።

አንዲት እናት እንሰት ስትቆርጥ ማንሳት ፈልጌ አስፈቀድኳት። ስልኬን አሳየኋት፣ ሌላ አገር ያሉ ሰዎች ያዩታል አልኳት። ትንሽ አሰበች። «ፊቴን ተዪው ልጄ፣ እጄን አንሺ» አለችኝ። እጇንና ቢላዋዋን ብቻ አነሳሁ።

ያንን ፎቶ ስለጥፍ የመጀመሪያውን አስተያየት የጻፈው ያ የኡጋንዳው ጓደኛዬ ነው። «ቢላዋው በሁለት ተክል መካከል እሳት ያያል?» ይላል። እነሱ ጋ ገበሬው ቢላዋውን በእሳት እንዲለበልብ ወይም በበረኪና እንዲያጸዳ ይመከራል። በሚቀጥለው ጉዞዬ ፎቶውን አሳትሜ ወሰድኩላት፣ ጥያቄውንም ነገርኳት። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው።

«እነሱ እንሰት አላቸው?»

«የላቸውም እማማ። ሙዝ ነው ያላቸው።»

ቢላዋዋን ከወገቧ አውጥታ ስለቱን ገልብጣ ተመለከተችው።

«ታዲያ የኔን ቢላዋ በምን አወቁት?»